ካንሰርና የሰውነት መከላከያ ሥርዓት፦ ትግሉ፣ የማምለጫው ስልትና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በሕክምና ክፍሎች ያገለገሉ ባለሙያዎች ካፖሲ ሳርኮማን አይረሱትም። በእግር፣ በፊትና በላንቃ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው እባጭ ሲታይ ታማሚው ብዙ ዕድሜ እንዳልቀረው ይገመት ነበር። ሕክምናው ከተስፋፋ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በሽታው ገና ሥር ባልሰደደባቸው ብዙ ታማሚዎች ላይ፣ አንድም ፀረ ካንሰር መድኃኒት ሳይሰጥ፣ የሲዲ4 ቁጥር ከፍ ሲል እባጩ እየደበዘዘና እየሟሸሸ ሄደ። ኤችአይቪን የሚገቱት መድኃኒቶች የካንሰር ሕዋስን ለመግደል የተሠሩ አይደሉም። እባጩን ያጠፋው በዋናነት ዳግም ያንሠራራው የታማሚው የራሱ የመከላከያ ሥርዓት ነው።

ይህ በየክሊኒኩ የታየ ለውጥ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው የመከላከያ ሥርዓታችን ካንሰርን የሚዋጋው እንዴት ነው? የሚል ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስቸግረው ደግሞ፣ ሥርዓቱ ይህን ያህል አቅም ካለው፣ ኤችአይቪ የሌለባቸውና ቀድሞ በጽኑ ታመው የማያውቁ ሰዎች ስለ ምን በካንሰር ይያዛሉ? የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ጥያቄዎች በየተራ ማብራራትና መልሶቻቸው በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለሚሠራ ባለሙያ ያላቸውን ጠቀሜታ ማመልከት ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

የመከላከያ ሥርዓቱ ካንሰርን ሊቆጣጠር ይችላል የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዊልያም ኮሊ የተባለ የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም በ1891 እ.ኤ.አ. ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያን በካንሰር ዕጢ ውስጥ መውጋት ጀምሮ፣ ብርቱ ትኩሳት ከተነሣባቸው ታማሚዎች በአንዳንዶቹ ዕጢው ሲጠፋ ተመልክቷል። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊኽ ደግሞ በ1909 እ.ኤ.አ. ሰውነት በውስጡ የሚነሡትን የካንሰር ሕዋሳት በየጊዜው ባያስወግድ ኖሮ ካንሰር እጅግ በበዛ ነበር ሲል ገመተ። በ1950ዎቹ አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔትና አሜሪካዊው ሉዊስ ቶማስ ሐሳቡን አጠናከሩት። በእነርሱ አመለካከት የመከላከያ ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ እንደ ዘብ እየተዘዋወሩ የተበላሹ ሕዋሳትን ይለቅማሉ።

ይሁንና በ1974 እ.ኤ.አ. ኦሲያስ ስቱትማን የተባለ ተመራማሪ ታይመስ ዕጢ የሌላቸው አይጦች ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሲሰጣቸው ከጤነኞቹ አይጦች በበለጠ በካንሰር እንደማይያዙ አሳየ። ሐሳቡም ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል ችላ ተባለ። በኋላ እንደ ታወቀው እነዚያ አይጦች ከመከላከያ አቅም ፈጽሞ የተራቆቱ አልነበሩም፤ ናቹራል ኪለር የተባሉት ሕዋሳትና ጥቂት ቲ-ሴሎች ነበሯቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮበርት ሽራይበር ቡድን ቲ-ሴልም ሆነ ቢ-ሴል ጨርሶ በሌላቸው አይጦች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አደረገ። እነዚህ አይጦች በእርግጥም ከጤነኞቹ ይበልጥ በካንሰር ተያዙ።

ከዚሁ ሙከራ የተገኘው ሁለተኛ ውጤት ግን ከመጀመሪያው የላቀ ትምህርት ይሰጣል። መከላከያ በሌላቸው አይጦች ውስጥ ያደጉት ዕጢዎች ወደ ጤነኛ አይጦች ሲዛወሩ ጥቂት የማይባሉት ተጠቅተው ጠፉ። በጤነኛ አይጦች ውስጥ ያደጉት ዕጢዎች ወደ ሌሎች ጤነኛ አይጦች ሲዛወሩ ግን ያለ አንዳች ችግር አደጉ። ይህም ማለት በጤነኛ አካል ውስጥ ያደገ ዕጢ ከመከላከያ ሥርዓቱ ጋር ታግሎ፣ ደካማዎቹ ሕዋሳት ተለቅመውለት፣ ለማምለጥ የበቁት ብቻ የቀሩበት ዕጢ ነው።

የገበሬ ሥራ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ስንዴ የሚያርም ገበሬ መልኩ የተለየውን አረም ሁሉ ነቅሎ ይጥላል፤ ስንዴ የሚመስለው እንክርዳድ ግን ሳይለይ ያልፈዋል። ደጋግሞ በታረመ ማሳ ላይ እንክርዳድ የሚቀረው ማረሙ ከንቱ ስለ ነበር ሳይሆን፣ በግልጽ የሚታየው አረም አስቀድሞ ስለ ተነቀለ ነው። በምርመራ ክፍላችን የምናገኘው የካንሰር ዕጢም እንዲሁ ከብዙ እርማት የተረፈ እንክርዳድ ነው።

የራስን ሕዋስ ከጠላት መለየት

ባክቴሪያ ከውጭ የሚገባ ባዕድ ነው። የካንሰር ሕዋስ ግን ከራሳችን ሕዋስ የተገኘ ስለ ሆነ እርሱን መለየት ይከብዳል። የመለያው ዘዴ የሚከተለው ነው። ኒውክለስ ያለው ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል በውስጡ የሚያመርታቸውን ፕሮቲኖች ቆራርሶ፣ ቁርጥራጮቹን ኤችኤልኤ ክፍል አንድ በተባለ መያዣ ላይ አድርጎ በገጹ ላይ ያሳያል። ይህን እንደ መታወቂያ ወረቀት ልንቆጥረው እንችላለን። ሲዲ8 የተባሉት ገዳይ ቲ-ሴሎች በየሕዋሱ እየዞሩ መታወቂያውን ይመረምራሉ። የተለመደ የራስ ፕሮቲን ካዩ ያልፋሉ፤ እንግዳ ነገር ካዩ ደግሞ፣ አስቀድሞ የነቁና የሠለጠኑ ከሆኑ፣ ሕዋሱን ይገድሉታል።

የካንሰር ሕዋስ በመታወቂያው ላይ ሊያሳይ የሚችላቸው እንግዳ ምልክቶች በአራት ይከፈላሉ። አንደኛው በዘረመል ለውጥ ምክንያት ቅርጻቸው የተቀየረ ፕሮቲኖች ናቸው። በፀሐይ ጨረር የሚመጣው ሜላኖማና በትምባሆ ጢስ የሚመጣው የሳንባ ካንሰር እጅግ ብዙ የዘረመል ለውጥ ስላላቸው የዚህ ዓይነቱ ምልክት ይበዛባቸዋል። ሁለተኛው የቫይረስ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ በማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ የሚገኙት የኤችፒቪ ኢ6 እና ኢ7 ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ሦስተኛው በፅንስ ዘመን ወይም በወንዴ ፍሬ ውስጥ ብቻ ይመረቱ የነበሩና በካንሰሩ ሕዋስ ያለ ቦታቸው ዳግም የተቀሰቀሱ ፕሮቲኖች ናቸው። አራተኛው እንደ ሄር2 ያሉ፣ በጤነኛ ሕዋስም የሚገኙ ነገር ግን በካንሰሩ ላይ ከመጠን በላይ የበዙ ፕሮቲኖች ናቸው።

የጥቃቱ ቅደም ተከተል

ጥቃቱ የሚጀምረው ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት ሲሞቱ ነው። ዴንድሪቲክ የተባሉት ሕዋሳት የሞቱትን ሕዋሳት ስብርባሪ ውጠው፣ በአካባቢው ወዳለው የሊምፍ ዕጢ፣ ማለትም በተለምዶ ሲያብጥ ንፍፊት ወደምንለው ዕጢ ይጓዛሉ። እዚያም የያዙትን ቁርጥራጭ ለቲ-ሴሎች ያሳያሉ። እነዚህን ሕዋሳት በ1973 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው ራልፍ ስታይንማን ለሥራው በ2011 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ሽልማቱ ይፋ ሲሆን ስታይንማን በጨጓራ ጀርባ ያለውና ፓንክሪያስ የተባለው ዕጢ ካንሰር ይዞት ከሦስት ቀናት በፊት አርፎ ነበር።

ቲ-ሴል ለመንቃት ሁለት ምልክቶች ያስፈልጉታል። አንደኛው የቁርጥራጩ መታየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዴንድሪቲክ ሕዋሱ የሚመጣ የማረጋገጫ ምልክት ነው። ሁለተኛው ምልክት ከሌለ ቲ-ሴሉ ከመንቃት ይልቅ ይደነዝዛል። ይህ ጥንቃቄ የራሳችንን አካል ከጥቃት የሚጠብቅ ነው፤ ለካንሰር ግን የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይከፍትለታል። የነቁት ሲዲ8 ቲ-ሴሎች በሲዲ4 ቲ-ሴሎች እየተረዱ ይባዛሉ፣ በደም ተጉዘው ወደ ዕጢው ይገባሉ። ከካንሰሩ ሕዋስ ጋር ተጠግተው ፐርፎሪን በተባለ ፕሮቲን ሽፋኑን ይበሳሉ፤ ግራንዛይም የተባሉትን ኢንዛይሞች ወደ ውስጥ ሰድደውም ሕዋሱን ለሞት ይዳርጉታል። ከዚህም ጋር ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክተኛ ይለቃሉ። ይህ መልእክተኛ በአካባቢው ያሉት ሕዋሳት መታወቂያቸውን በብዛት እንዲያሳዩ ያስገድዳቸዋል።

ናቹራል ኪለር የተባሉት ሕዋሳት የሚሠሩት በሌላ ሕግ ነው። በ1980ዎቹ ስዊድናዊው ክላስ ካሬ እንዳመለከተው፣ እነዚህ ሕዋሳት የሚጠረጥሩት እንግዳ ምልክት ያለበትን ብቻ ሳይሆን መታወቂያ የሌለውን ሕዋስ ጭምር ነው። ስለዚህ ከቲ-ሴል ለመሰወር ሲል ኤችኤልኤውን የደበቀ የካንሰር ሕዋስ በናቹራል ኪለር እጅ ሊወድቅ ይችላል። ሁለቱ ዘቦች አንዱ የሌላውን ክፍተት የሚሸፍኑት በዚህ መንገድ ነው።

ሦስቱ ምዕራፎች፦ ማስወገድ፣ መፋጠጥ፣ ማምለጥ

ሽራይበርና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ትግሉን በሦስት ምዕራፎች ከፍለው አቅርበዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የተበላሹት ሕዋሳት ይወገዳሉ፤ ሰውየውም ምንም ሳያውቅ ይኖራል። በሁለተኛው ምዕራፍ ከጥቃቱ የተረፉ ጥቂት ሕዋሳት ከመከላከያ ሥርዓቱ ጋር ይፋጠጣሉ። አይጠፉም፣ ግን አያድጉም። በሦስተኛው ምዕራፍ ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱ የማምለጫ መንገድ አግኝቶ ይባዛል፤ ዕጢውም ለዓይን ወይም ለእጅ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የሁለተኛውን ምዕራፍ ጠባይ ለመረዳት ለጤና ባለሙያዎቻችን ከድብቅ ቲቢ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የቲቢ ባክቴሪያ በግራኑሎማ ታጥሮ ለብዙ ዓመታት ያለ ምልክት ይኖራል፤ ኤችአይቪ ወይም ሌላ ምክንያት መከላከያውን ሲያዳክም ይነሣል። የካንሰር ሕዋሳትም እንዲሁ ታፍነው ሊቆዩ እንደሚችሉ በ2003 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ የቀረበ አንድ ዘገባ በሚያስደነግጥ ሁኔታ አሳይቷል። ከአንድ ለጋሽ የተወሰዱ ሁለት ኩላሊቶች ለሁለት ሰዎች ተተከሉ። ከዚያም ሁለቱም ተቀባዮች ሜላኖማ ያዛቸው። ሲጣራ ለጋሹ ከ16 ዓመታት በፊት በሜላኖማ ምክንያት ቀዶ ሕክምና አድርጎ እንደ ዳነ ተቆጥሮ ነበር። በለጋሹ አካል ውስጥ ለ16 ዓመታት ታፍነው የቆዩት ሕዋሳት፣ ንቅለ ተከላው እንዳይከሽፍ መከላከያው በመድኃኒት በተዳከመ ሰው አካል ውስጥ ሲገቡ ተነሡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመከላከያ አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ በብርቱ የሚጨምሩት በተለይ ከቫይረስ ጋር የተያያዙት ካንሰሮች ናቸው። እነርሱም ካፖሲ ሳርኮማ፣ አንዳንድ ሊምፎማዎችና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። የጡትና የትልቁ አንጀት ካንሰር በኤችአይቪ ምክንያት በዚያው መጠን ሲጨምሩ አልታዩም። ስለዚህ ካንሰር ሁሉ የመከላከያ አቅም ማነስ ውጤት ነው ማለት ስሕተት ነው። ብዙው ካንሰር የሚነሣው አቅሙ ባልጎደለ ሥርዓት ፊት፣ ሥርዓቱን አታሎ ነው።

የማምለጫ መንገዶች

አንደኛው መንገድ መሰወር ነው። የካንሰሩ ሕዋስ የኤችኤልኤ መያዣውን ያጠፋል፤ ወይም መያዣው እንዲቆም የሚያስፈልገውን ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የሚያመርተው ጂን ይበላሽበታል። አንዳንዴም እንግዳ ምልክት የነበረውን ፕሮቲን ማምረት ያቆማል። ከናቹራል ኪለር ለማምለጥ ደግሞ በገጹ ላይ የሚወጡትን የጭንቀት ምልክቶች ቆርጦ ወደ ደም ይለቃቸዋል። ዘቡም ሕዋሱን ትቶ በተለቀቀው ምልክት ይዘናጋል።

ሁለተኛው መንገድ ፍሬን መርገጥ ነው። ቲ-ሴሎች ከልክ በላይ ተቆጥተው የራስን አካል እንዳይጎዱ ተፈጥሮ ፍሬን አበጅታላቸዋለች። ከእነዚህ ዋነኞቹ ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 ናቸው። ሲቲኤልኤ-4 በይበልጥ የሚሠራው በሊምፍ ዕጢ ውስጥ፣ ቲ-ሴሉ ገና ሲነቃ ነው። ፒዲ-1 ደግሞ ውጊያው በሚካሄድበት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ይሠራል። የካንሰሩ ሕዋስ ፒዲኤል-1 የተባለውን ፕሮቲን በገጹ ላይ ሲያወጣ የቲ-ሴሉን ፍሬን ይረግጥበታል። የሚደንቀው፣ ካንሰሩ ይህን ፕሮቲን እንዲያወጣ የሚያነሣሣው ቲ-ሴሉ ራሱ የሚለቀው ኢንተርፌሮን ጋማ መሆኑ ነው። ጥቃቱ በበረታ ቁጥር ጋሻውም ይጠነክራል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ሁኔታ የቆዩ ቲ-ሴሎች ዝለው፣ ዕጢው ውስጥ ተቀምጠው እያሉ መግደል ይሳናቸዋል።

ሦስተኛው መንገድ የመከላከያ ሥርዓቱን አባላት በራስ ጎን ማሰለፍ ነው። ተቆጣጣሪ ቲ-ሴሎች በጤናማ ጊዜ ተግባራቸው ሰላም ማስከበር ነው። ዕጢው ኬሚካላዊ መልእክት እየላከ እነዚህን ሕዋሳት ይጠራል። ማክሮፋጅ የተባሉትንም ሕዋሳት ጠባይ ይለውጣል። ቁስል ሲጠገን እንደሚያደርጉት የደም ሥር እንዲበቅል ይረዳሉ፣ ቲጂኤፍ-ቤታና ኢንተርሉኪን-10 እየለቀቁ ቲ-ሴሎችን ያረጋጋሉ። ዕጢውን ሊበሉት ይገባ የነበሩት የሚያሳድጉት ይሆናሉ። ከዚህም በላይ ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ሲዲ47 የተባለውን፣ «አትብላኝ» የሚል ትርጉም ያለውን ምልክት ያበዛሉ።

አራተኛው መንገድ ማስራብ ነው። በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ ግሉኮስን ይሻማል፣ ላክቲክ አሲድ ያጠራቅማል፣ ኦክስጅንም ያጥረዋል። አይዲኦ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ለቲ-ሴሎች መባዛት የሚያስፈልገውን ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ያሟጥጣል። ወደ ዕጢው የደረሰው ቲ-ሴል ስንቅ በሌለበት ሜዳ ላይ ለመዋጋት ይገደዳል።

አምስተኛው መንገድ አጥር ማጠር ነው። አንዳንድ ዕጢዎች በጠንካራ ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ተከብበው ቲ-ሴሎችን ከዳር ያስቀራሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የዤሮም ጋሎን ቡድን በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ያወጣው ጥናት የዚህን ክብደት አሳይቷል። በዕጢው ውስጥ ያሉት ቲ-ሴሎች ዓይነት፣ ብዛትና አቀማመጥ የታማሚውን የወደፊት ዕጣ በማመልከት ከተለመደው የደረጃ አመዳደብ የሚያንሱ ሆነው አልተገኙም።

የማኅፀን በር ካንሰር እንደ ምሳሌ

እነዚህ መንገዶች ሁሉ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት በሚታየው በማኅፀን በር ካንሰር ላይ ይንጸባረቃሉ። ኤችፒቪ ሲገባ በገጸ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ብቻ ይወሰናል። ወደ ደም አይገባም፤ የያዘውን ሕዋስም ፈንድቶ እንዲሞት አያደርግም። በዚህ ምክንያት ዴንድሪቲክ ሕዋሳትን የሚቀሰቅስ ቁጣ አይነሣም። ኢ5 እና ኢ7 የተባሉት ፕሮቲኖቹ ደግሞ የኤችኤልኤ መያዣው በገጽ ላይ እንዳይበዛ ያደርጋሉ። ይህም ሆኖ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ቫይረሱ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በመከላከያ ሥርዓቱ ይወገዳል። የማስወገድ ምዕራፍ ማለት ይህ ነው።

ቫይረሱ ከሰነበተ ግን የቅድመ ካንሰር ለውጥ ይከተላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ፣ ያልተለመዱት ሕዋሳት ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስድባቸዋል። የመከላከያ አቅማቸው በተዳከመ፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ኖሮባቸው ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ግን ይህ ጊዜ ወደ 5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የመከላከያ ሥርዓቱ በዝምታ የሚያተርፍልንን ዓመታት ያሳያል። እነዚያ ዓመታት ደግሞ የቅድመ ካንሰር ምርመራ የሚደረግባቸው ዓመታት ናቸው።

ክትባቱም የሚገባን በዚሁ መንገድ ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የኤችፒቪ ክትባት ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሳይገባ የሚያከሽፉ ፀረ እንግዳ አካላትን ያዘጋጃል። አስቀድሞ የገባውን ቫይረስ ወይም የተጀመረውን ለውጥ ግን አያስወግድም። ስለዚህ ክትባቱ ለልጅቱ፣ ምርመራው ለእናቲቱ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዕውቀት ወደ ሕክምና

መንገዶቹ ሲታወቁ መዝጊያውም ተገኘ። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን በ1990ዎቹ ሲቲኤልኤ-4ን በፀረ እንግዳ አካል በመያዝ በአይጦች ላይ ዕጢ ሊጠፋ እንደሚችል አሳየ። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ፒዲ-1ን አገኘ። ኢፒሊሙማብ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶችም በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። እነዚህ መድኃኒቶች ካንሰሩን በቀጥታ አይነኩም፤ የተረገጠውን ፍሬን ይለቃሉ እንጂ። በፊት የተሰራጨ ሜላኖማ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ በአንድነት ከተሰጣቸው ታማሚዎች ግን ከ100ው 43ቱ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት እንደ ነበሩ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አመልክቷል።

ሆኖም ሁሉም ታማሚ አይጠቀምም። ፍሬን መልቀቅ የሚረዳው አስቀድሞ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ሲኖር ነው። በዕጢው ውስጥ ቲ-ሴል ከሌለ፣ ወይም ካንሰሩ ኤችኤልኤውን ጨርሶ ካጠፋ መድኃኒቱ የሚለቀው ነገር አያገኝም። ዋጋቸውም ከአብዛኛው ታካሚያችን አቅም በላይ ነው። ይሁንና የመከላከያ ሥርዓቱን በካንሰር ላይ የማነሣሣት ሕክምና ሁሉ ውድና እንግዳ አይደለም። ለሕፃናት የምንሰጠው ቢሲጂ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፊኛ ውስጥ እየተጨመረ ላዩን ብቻ የያዘውን የሽንት ፊኛ ካንሰር ሲያክም ኖሯል።

ለጤና ባለሙያው ምን ማለት ነው?

ከላይ የተዘረዘረው ዕውቀት በዕለት ሥራችን ላይ የሚከተሉት አንድምታዎች አሉት።

1. የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናን ፈጥኖ ማስጀመር ካንሰርን መከላከልም ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ የማኅፀን በር ምርመራ እንዲያደርጉ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ስለዚህ ለክትትል የመጣች ሴት ሳትመረመር እንዳትመለስ ማድረግ ይገባል። የኤችፒቪና የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባቶችም በእርግጥ ፀረ ካንሰር ክትባቶች መሆናቸውን ለወላጆች ማስረዳት ጠቃሚ ነው።

2. ካፖሲ ሳርኮማ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ሊብስ ይችላል። ይህ የነቃው የመከላከያ ሥርዓት ቁጣ ነው፤ ስለዚህ ሕክምናውን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በዚህ ጊዜ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶችን መስጠት ካፖሲ ሳርኮማን ስለሚያባብስ መጠንቀቅና ታማሚውን ኬሞቴራፒ ወደሚሰጥበት ተቋም መላክ ያስፈልጋል።

3. በውጭ አገር ታክመው የሚመለሱ ወይም ከውጭ ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ታማሚዎች ፍሬን የሚለቁትን መድኃኒቶች ወስደው ሊሆን ይችላል። የተለቀቀው ቲ-ሴል አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ አልፎ አልፎም ልብን ያጠቃል። ይህ የጎንዮሽ ጉዳት መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላ እንኳ ሊታይ ይችላል። የካንሰር ታማሚ በብርቱ ተቅማጥ ሲመጣ የአሜባ መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት አንጀቱ እስኪበሳ ድረስ ሊያደርስ ስለሚችል፣ «ለካንሰሩ በመርፌ የሚሰጥ ምን መድኃኒት ወስደዋል?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ የሚያድነው ስቴሮይድ ነው። በካፖሲ ሳርኮማ የሚጎዳው መድኃኒት በዚህ ሁኔታ ሕይወት ያተርፋል። ልዩነቱ የሚገባው አሠራሩን ለተረዳ ባለሙያ ነው። ስቴሮይዱ ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ስለ ቲቢ፣ ስለ ጉበት ቫይረስ ቢና ስለ ስትሮንጂሎይድስ ትል ማጣራት ይገባል።

4. ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ከተጀመረ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ ስለ ሆነ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ አዲስ የቆዳ እባጭ ወይም ያበጠ ንፍፊት ሲታይ ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል።

5. «የመከላከያ አቅምን ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ሽሮፕ በተመለከተ ታማሚዎች ሲጠይቁን በቂ መልስ ሊኖረን ይገባል። ዕጢው የወጣው መከላከያው ስላነሰ ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን ስላታለለ ነው። ፍሬኑ ለተረገጠ ተሽከርካሪ ነዳጅ መጨመር አያንቀሳቅሰውም። ጥሩ ምግብ ለታማሚው ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን እባጩን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ በሚቻልበት ወቅት በዱቄት የሚባክኑ ሦስትና አራት ወራት የሚተኩ አይደሉም። ይህን በቁጣ ሳይሆን ምክንያቱን በማስረዳት መንገር ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የመከላከያ ሥርዓታችን ካንሰርን አያውቀውም ማለት አይቻልም። ያውቀዋል፣ ይዋጋዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳናውቀው ያሸንፋል። በምርመራ ክፍል የምናየው ዕጢ ግን ከዚህ ትግል የተረፈው፣ መሰወርን፣ ፍሬን መርገጥንና ከጠባቂዎች ጋር መወዳጀትን የተማረው ነው። ስለዚህ ለሥርዓቱ ልንሰጠው የምንችለው ትልቁ እርዳታ ካንሰሩ ይህን ትምህርት ሳይጨርስ የሚሰጠው ነው። ክትባት፣ የኤችአይቪ ሕክምናና የቅድመ ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ ይገኛሉ፤ ለእነርሱም የኖቤል ተሸላሚ መድኃኒት አያስፈልግም። እንክርዳዱን ከስንዴው መለየት የሚቀለው ከማሸቱ በፊት ባይሆንም፣ በካንሰር ረገድ ግን ቀድሞ የደረሰ አራሚ ሁልጊዜ ይቀናዋል።